ከሮቦቱ ትሪ ብቻ የሚበላው ደንበኛ

ሰኞ

ዛሬም ወደ አዳራሹ ገባ። ጋትዌችን ነው የምለው፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭነውን ረጅሙን ልጅ። ስንት ወር በረንዳ ላይ ተቀምጦ አስተናጋጄ ኛማል ያመጣችለትን ዓሳ እየሳቀ ሲበላ የከረመ ሰው፣ ሰሞኑን በረንዳውን እንደ እሳት ይሸሸዋል። ቀጥ ብሎ አዳራሽ፣ ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ። ሮቦቱ እየተንቀራፈፈ ይሄድለታል፣ እሱ ሳህኑን ከትሪው ላይ ያነሳል፣ ይበላል፣ ይወጣል። ኛማልን ቀና ብሎ አያያትም።

ምን አድርጋው ይሆን?

ሮቦቱን የላከልኝ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ ገዝቶት፣ በአይሱዙ ጭኖ ጋምቤላ ድረስ ሰደደው። ቁመቱ እስከ ደረቴ፣ ሦስት ትሪ ተሸክሞ፣ ፊቱ ላይ ሁለት ዓይን ያርገበግባል። ድምፅ ነበረው አሉ፣ አሁን ግን ዲዳ ነው፣ አጅሬ እለዋለሁ። የጠረጴዛውን ቁጥር ስጫንለት ወደዚያው ያዘግማል። ለስላሳ ሴራሚክ ላይ ካልሆነ አይሄድም፣ የበረንዳውን ደፍ መሻገርም አያውቅም። ስለዚህ አዳራሹ የአጅሬ ነው፣ በረንዳው የኛማል። ሰው ደስ ያለው ጋ ይቀመጣል።

ሰይድ ሐሙስ ይመጣል። በስልክ ምን አለኝ፣ «ሰው ከሮቦቱ ጋር ከለመደ አስተናጋጅ ምን ያደርግልሻል እትዬ? መጥቼ ራሴ አያለሁ።» ምግብ ቤቱ የእሱ ነው። እኔ አንቀሳቅሰዋለሁ እንጂ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

ኛማልን ካስወጣት ምን ይውጠኛል? እሷም እናቷን የምታኖረው በዚህ ሥራ ነው። እኔም ባሌ ከሞተ ወዲህ፣ ጠዋት በሩን ስከፍት የመጀመሪያዋን ቃል የማወራት ከእሷ ጋር ነው። ያረብ አንተ ታውቃለህ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ሰው ስታዘብ ዋልኩ። ማን ከሮቦቱ ይበላል፣ ማን ከኛማል?

ቤተሰብ ይዞ፣ ጓደኛ ይዞ የሚመጣው የትም ይቀመጣል፣ ግድ የለውም። ልጆቹ ሮቦቱን ፎቶ ያነሱታል፣ አለቀ። የሚመርጠው ብቻውን የሚመጣው ነው።

ቲቸር ኡጁሉ ለምሳሌ። ስንቱን የጋምቤላ ልጅ ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው አርፈዋል፣ ልጆቻቸው ሁሉም ሩቅ ናቸው። በዚህ ሐሩር በረንዳ ላይ ላባቸውን እየጠረጉ ይበላሉ።

«ቲቸር፣ አዳራሹ እኮ ፋን አለው» አልኳቸው።

«ፋኑ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ግን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ኛማል ትጠይቃለች።»

ሌላው ደግሞ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሚሠራው ልጅ ነው፣ የደብረ ብርሃን ሰው። ቀኑን ሙሉ የሰው መከራ ሲሰማ ውሎ ይመጣል። አንዳንድ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከኛማል ጋር ይቀልዳል። አንዳንድ ቀን በር ላይ ቆሞ «ዛሬ አዳራሽ ነኝ» ይለኛል። ገባኝ እለዋለሁ። ያን ቀን አልጠጋውም፣ አጅሬን እልክለታለሁ።

እና ጋትዌች። እሱ የየትኛው ነው? እንደ ቲቸር አይደለም፣ እንደ ጀዊው ልጅም አይደለም። ፊቱ ላይ ድካም የለም፣ ሐዘን የለም። እንደውም ሸሚዙን መተኮስ ጀምሯል!

ማታ ሳንዘጋ ኛማልን ያዝኳት። «ጋትዌችን ምን አልሽው?»

«ምንም አላልኩም ማማ።»

«ታዲያ ምነው ሸሸሽ?»

ጨርቋን አጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጠፈች። አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ገባች። ተጣልተዋል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልፈልግ?

ረቡዕ

ራሱን ጠየቅኩት። ምን አስፈራኝ! በልቶ ሲጨርስ ጠብቄ ሄድኩ። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ነው።

«ልጄ፣ ኛማል አስቀይማሃለች?»

«አይ እናቴ! አይ! እሷ ጥሩ ናት።»

«ታዲያ ከእሷ እጅ የማትበላው ለምንድነው?»

ጆሮው ድረስ ላብ በላብ ሆነ። ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ ፋኑ አየ፣ መጨረሻ ላይ ሮቦቱን አየ።

«ሮቦቱ ጥሩ ነው» አለኝ፣ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ ረስቶ ወጣ።

እሺ፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ሃያ ዓመት ምግብ ቤት ውስጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። የተጣላ ሰው አውቃለሁ። ሰይድ ነገ መጥቶ፣ የቤቱ ዋና ደንበኛ ከኛማል ሸሽቶ ጥግ ሲደበቅ ካየ ነገሩ ያበቃል። ሁለቱን ማስታረቅ አለብኝ።

ለነገ፦ ዓሳው በጊዜ እንዲመጣ ለአጥማጁ መደወል። የሰይድን መኝታ ማንጠፍ። አጎበሩን መስፋት። አለማልቀስ።

ሐሙስ

መጣ። ከኤርፖርት በባጃጅ ይዤው መጣሁ። ከስቷል። የሸሚዙ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተተክላለች፣ ሰይድ ደግሞ ድሮ ለአለባበሱ ሟች ነበር። መንገድ ላይ ስለ ሚስቱ አንስቼ «ፈቲያ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ደህና ናቸው አይደል? አልሃምዱሊላህ!» አልኩት። «አልሃምዱሊላህ» አለኝ።

ጓዳ ምሳ አቀርብልሃለሁ፣ አብረን እንበላለን ስለው «እዚሁ እበላለሁ» ብሎ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። ሮቦቱ ሄደለት። ሳህኑን አንስቶ በላ፣ ብቻውን። አልደብቅም፣ ተቀየምኩ። ስንት ጊዜ ተለያይተን ቆይተን ከእህት ይልቅ ከብረት ጋር?

ከበላ በኋላ ዓይኑን አዳራሹ ላይ አሳረፈ። የጀዊው ልጅ በአንዱ ጥግ፣ ጋትዌች በሌላው ጥግ፣ አንድ የማላውቀው መንገደኛ መሐል ላይ። ሁሉም ብቻቸውን፣ ሁሉም ከአጅሬ ትሪ።

«አየሽ?» አለኝ። «ብቸኛ ሰው ሰው አይፈልግም እትዬ። ሰው ይጠይቃል። ከየት መጣህ፣ ሚስት አለህ ወይ፣ ለምን ብቻህን ነህ። ይሄ ምንም አይልም።»

ልከራከረው ፈልጌ ተውኩት። ውሸት አይደለማ! ባሌ የሞተ ጊዜ፣ ሐዘኑ ካለቀ በኋላ፣ ዳቦ ልገዛ ከሰፈሬ ሱቅ አልፌ ማንም ከማያውቀኝ ሱቅ ድረስ በእግሬ እሄድ ነበር። አይዞሽ የሚለኝን ሰው ፊት ማየት አቅቶኝ። ያኔ አጅሬ ቢኖር ሌላ ምን እሻ ነበር። ግን ደግሞ ከዚያ ያወጣኝ ምንድነው? አንድ ቀን ኛማል ሥራ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ዝም ብላ ጎኔ ተቀምጣ ሽንኩርት መክተፍ መጀመሯ ነው።

ይህን ለሰይድ አልነገርኩትም። «በረንዳውንስ አላየህም?» ብቻ አልኩት። ቲቸር ኡጁሉ አንድ ነገር እያወሩላት ኛማል ከልቧ ስትስቅ ይሰማ ነበር።

«አንድ ሽማግሌ» አለ።

ዓርብ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የዛሬው ጉድ ደግሞ በእኔው እጅ የተሠራ ነው።

መብራት ከሌሊት ጀምሮ ጠፋ። አጅሬ ቻርጅ ስላልተደረገ ጥግ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። አዳራሹ ያለ ፋን ምድጃ ነው፣ ሁሉም ሰው በረንዳ ላይ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ሰይድ ከጁምዓ መልስ መጥቶ ቲቸር ኡጁሉ አጠገብ ቦታ አገኘ። በልቤ፣ አላህ መንገዱን ከፈተልኝ አልኩ። ወንድሜ ዛሬ ኛማልን ሥራ ላይ ያያታል።

ጋትዌች መጣ። አዳራሹ መዘጋቱን አይቶ ሊመለስ ሲል እኔ ነኝ ክንዱን ይዤ ያስቀመጥኩት። ኛማል ዓሳውን አምጥታ አስቀመጠችና ሮጣ ልትሄድ ስትል ጠራኋት።

«ነይ እዚህ! በሉ ዛሬ ታረቁ። አጉርሺው!»

ኛማል ደረቀች። «ማማ፣ አይሆንም» አለች በለሆሳስ።

«ምን አይሆንም! እህት ወንድሟን እንደምታጎርስ ነው። ጉርሻ ያስታርቃል። አጉርሺው ስልሽ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሰው ሁሉ ዞረ። የጀዊው ልጅ አጨበጨበ። እንደውም ፈዛ ስትቀር ጊዜ ራሴ እጄን ታጥቤ፣ ከዓሳው ጠቅልዬ፣ በእጇ አስያዝኳት!

ጋትዌች ብድግ አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ያ ሁሉ ቁመት ደንግጦ መውጫው ጠፍቶት፣ በቲቸር ኡጁሉ እግር ላይ ተራምዶ በደረጃው ወረደ። ዓሳው እንደተቀመጠ ቀረ። ኛማል ጉርሻውን ሳህኑ ላይ ጥላ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ሰይድ እጁን አበሰና «ይኸው» አለ። «ሰው ከሰው እንዴት እንደሚሸሽ አየሽ?»

ጓዳ ስገባ ኛማል ከከሰሉ ጆንያ ጎን ቁጭ ብላ ፊቷን በሽርጧ ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ልጄን አስለቀስኩ ብዬ አቀፍኳት። ሽርጡን ስገልጠው እየሳቀች ነው! እያለቀሰችም ነው። ሁለቱንም።

«ማማ፣ ምን አደረግሽ!» አለችኝ። «እኛ ኑዌሮች ጋ ወንድ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ፊት አይበላም። ነውር ነው። ፊቷ እንኳን አይበላም፣ አንቺ አጉርሺው አልሽ!»

ክው አልኩ። ሃያ ዓመት እዚህ ከተማ ስኖር ሰምቼው አላውቅም? ሰምቻለሁ መሰለኝ፣ ግን የድሮ ነገር ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

«ድሮስ ይበላ አልነበር?» አልኳት።

«አዎ። ድሮ ዝም ብሎ ደንበኛ ነበር። በፊቴ መብላት ያቆመ ቀን የተቆጣኝ መሰለኝ። ከተማ ያደጉት ልጆች ይሄን ትተውታል። እሱ ግን አያቱ ጋ ነው ያደገው። በኋላ አሰብኩ... ምናልባት አልኩ። ግን ወንዱ ሳይናገር ሴት እንዴት ትናገራለች ማማ?»

እንግዲህ ለካ ልጁ ከሰው አልሸሸም። አዳራሹ ውስጥ ካለ ከኛማል ሳይርቅ፣ ግን ፊቷ ሳይሆን፣ ሳያፍር ይበላል። ሮቦቱ ትሪውን ያመጣለታል፣ በመስኮቱ ደግሞ ድምጿን ይሰማል። እኔ ደግሞ አስታራቂ ነኝ ብዬ በአደባባይ አዋረድኩት!

ቅዳሜ

አልመጣም።

መብራት መጣ፣ አጅሬ ዓይኑን ገለጠ፣ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ግን ባዶዋን ዋለች። ኛማል ከትናንቱ ሳቅ አንድም አልቀራትም። ሳህን ሰበረች። ባጃጅ በቆመ ቁጥር ወደ መንገዱ ታያለች። እኔም አያለሁ።

ለሰይድ ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት። «ሊያገባት አስቦ ነው የማይበላው» ስለው ሳቀብኝ። ከልቡ አይደለም፣ በአፍንጫው። «ልታስቀሪያት ስትይ የማትፈጥሪው የለም» አለ። ከዚያ ቁርጡን ነገረኝ። ሰኞ ከመሄዱ በፊት ለኛማል ራሱ ይነግራታል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ትሠራለች፣ በቃ።

«የቲቸር ኡጁሉስ ነገር?»

«ይለምዳሉ። ሰው ሁሉ ይለምዳል።»

አባባሉ አስቀየመኝ። ደግሞ አሳዘነኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ራቱን ዛሬም አዳራሹ ውስጥ ነው የበላው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጋትዌች ነው። በእኔ የተነሳ ልጁ አፍሮ ከቀረ ኛማል በአንድ ሳምንት ሁለት ነገር ልታጣ ነው። አላህ ሆይ፣ አፌን በመጠኑ አድርግልኝ።

እሁድ

ከቀትር በኋላ አንድ ረጅም ሽማግሌ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መሆናቸው ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው ይዘው መጡ። የጋትዌች አጎት ናቸው። ጋትዌች ራሱ ማንጎው ሥር ከሞተር ሳይክሉ ጎን ቆሞ ቀርቷል፣ ጀርባውን ሰጥቶን። ኛማል ስታያቸው በጓሮ በር ወጥታ ጠፋች።

ሰይድን ጠርቼ አብረን ተቀመጥን። አጎትየው በዝግታ፣ ቃላቸውን እየመረጡ ተናገሩ።

«እኛ ወደ እናቷ እንሄዳለን። ሥርዓቱ እዚያ ነው። ግን ልጅቱ ቀኑን የምትውለው አንቺ ቤት ነው። ሰዎቹ እነማን ናቸው፣ መጀመሪያ እንያቸው አልን። የዓርቡን ልጃችን ነገረን።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። «አጥፍቻለሁ አባቴ፣ አላወቅኩም» አልኩ።

ሽማግሌው አዩኝና ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኛ ሌሊቱን ሁሉ ሳቅን። እሱ ብቻ ነው ያልሳቀ። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ። ያ ሳህን የሚያመጣው ብረት እንዳይሄድ። ልጁ የት ይበላል?»

ሰይድ ሳቀ! በአፍንጫው አይደለም፣ እንደ ልጅነታችን፣ ጭኑን እየመታ። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ፈርቼ ጠየቅኩ። «ካገባችስ ይዛችኋት ትሄዳላችሁ?»

«አይ። የመጀመሪያ ልጇን እስክትወልድ እናቷ ጋ ናት። ሥራ ከፈለገች ትሥራ» አሉ።

አልሃምዱሊላህ፣ አንዱ ድንጋይ ከደረቴ ላይ ወረደ። ሌላው አለ ገና። አጎትየው ሲሄዱ ሰይድን ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ግን ስለ ሥራዋ ምንም ሳይል፣ አጅሬን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና ሊተኛ ሄደ።

ሰኞ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። በጎ ነገር ነው ግን።

ጠዋት ሰይድ ቁርሱን አዳራሹ ውስጥ ያዘዘ ጊዜ፣ ዛሬ ሊነግራት ነው ብዬ ጓዳ ውስጥ ወደ አዳራሹ በምታሳየው መስኮት በኩል ጆሮዬን አቁሜ ቆምኩ። ሮቦቱ ፉሉን ወሰደለት። ሻይ ረስቼ ኖሮ ኛማል ይዛለት ገባች። አስቀመጠችለት። ከዚያ አልሄደችም።

«ጋሼ» አለችው፣ «ቤትህ ማን ያበስላል?»

እኔ አራት ቀን ሙሉ ፈቲያ ደህና ናት፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ስል የነበርኩት ሴትዮ፣ ይህን አልጠየቅኩም።

ሰይድ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ «ማንም» አለ። «ሚስቴ ልጆቹን ይዛ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷ ነው።»

ወይኔ ወንድሜን ብዬ ልጮህ ነበር። አፌን በእጄ ያዝኩ። ኛማል አይዞህ አላለችውም። ወንበር ስባ፣ ከደንበኛ ጋር ተቀምጣ የማታውቅ ልጅ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ታዲያ ምን ትበላለህ?» አለችው።

ነገራት። ጠዋት ዳቦ በሻይ። ምሳ አንዳንዴ። ማታ ማታ ሆቴል ነበር የሚበላው፣ ያ የተዘጋው ሆቴል። ይኸው ሮቦት ነበር የሚያቀርብለት። ያኔ ድምፅ ነበረው፣ መልካም ምግብ ይል ነበር፣ ሌላ ምንም አይልም፣ ሚስትህ የት አለች አይልም። ሆቴሉ ሲዘጋ ጨክኖ ሊተወው አልቻለም፣ ገዛው። እኔ ደግሞ ለንግድ መስሎኝ!

ኛማል እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ፉሉ ቀዝቅዟል ብላ ወስዳ አሙቃ አመጣችለት። በላው፣ ሳህኑን ጠርጎ። ሻዩን ሊጠጣ ሲል እኔ ሻንጣውን ላሰናዳ ሄድኩ።

ወደ ኤርፖርት በባጃጅ ስንሄድ ሁለታችንም መንገዱን ነበር የምናየው። መጨረሻ ላይ አልቻልኩም።

«ለእኔ እንዴት አትነግረኝም ሰይዶ? አልጠየቅኩህም?»

«ትጠይቂኛለሽ እትዬ» አለ። «ግን መልሱንም አንቺው ትመልሺዋለሽ።»

አንጀቴ ድረስ ገባ። እውነቱን ነው። እጁን ያዝኩት፣ አልሸሸም። ከዚህ በኋላ ስደውል ወደ አልሃምዱሊላህ ከመቸኮሌ በፊት ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፣ ቃል ገብቻለሁ።

ልንደርስ ስንል «እኔ ብቸኛ ሰው ሰው አይፈልግም ያልኩሽ ስለ ራሴ ነው» አለ። «አንዳንድ ቀን ዝም የሚለውን እፈልጋለሁ። ዛሬ ግን ባትጠይቀኝ ኖሮ ጉዴን በሆዴ ይዤ እመለስ ነበር። ሁለቱም ይቆዩ። ኛማል ትቆይ።»

አልቅሼ ሸኘሁት። ለሐጅ የሚሄድ ይመስል ሦስት ጊዜ አቀፍኩት፣ ጥበቃው ሳቀብኝ። በር ላይ ደግሞ ሻንጣ የሚጭነው ጋትዌች ቆሞ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሰላም አለኝ፣ የሰይድን ሻንጣ ሳይጠየቅ ተቀብሎ ወሰደ።

ስመለስ ኛማል በረንዳውን ስታጸዳ አገኘኋት። ምሥራቹን ልነግራት እየሮጥኩ ደረጃውን ወጣሁ፣ ትንፋሼ እስኪቆራረጥ።

«ኛማል! ሰይድ ትቆይ አለ!»

«አውቃለሁ ማማ» አለችኝ፣ መጥረጊያውን ሳታቆም። «ሻዩን ሲጠጣ ነገረኝ።»

ከእኔ በፊት ለእሷ! ትንሽ አኮረፍኩ። ከዚያ አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ እሷ እስክትጨርስ ምንም ሳላወራ አረፍኩ።